ለፋሲካ ያልሳምኩት ልጅ

ያን የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያናችን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ስለነበር ሕዝቡን ሁሉ ልዘረዝር አልችልም። በእኔ ጥግ፣ በሴቶች በኩል ከመስኮቱ ሥር የነበሩትን ግን አውቃቸዋለሁ። በቀኜ እማሆይ ነበሩ፤ አንድ መቋሚያ ለሁለት ተደግፈናል። በግራዬ ብዙነሽ ነበረች፣ ቡና ለቃሚዋ። ጡት የሚጠባው ልጇ እንዳልክ እኔ ጭን ላይ ነበር። ከፊታችን ልጄ ሜሮን፣ ከእሷ አጠገብ ደግሞ ትንሹ ልጄ ናሆም ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ተኝቷል። ከኋላችን የገበያ ጓደኛዬ አስካለ ከአማቷ ጋር ነበረች። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ነበሩ። ባለቤቴ ጌታሁን በወንዶች በኩል ነበር። የነፍስ አባታችን ስግደቱን ከፊት ሆነው ይመሩ ነበር።

እነዚህን ሰዎች የምቆጥረው ያን ቀን ሁሉም የእኔን ትንፋሽ ስለተነፈሱ ነው። እኔ ያኔ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ነበርኩ፤ አላውቅም እንጂ። ከቆጠርኳቸው ውስጥ ብዙነሽና ልጇ ሲቀሩ ሌሎቹ በሙሉ ተመርምረዋል። የምጽፈውም ስላልተመረመሩት ስለ ሁለቱ ነው። እግረ መንገዴን ደግሞ እንደ እኔ ሳል ይዟት ቤተ ክርስቲያን የምትመላለስ እናት ካለች እንድታነበው ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የፊደሉን ስህተት ሜሮን አርማልኛለች፤ ነገሩ ግን የራሴ ነው።

አባቴና እናቴ ከወሎ የመጡ ናቸው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሚዛን ከተማ ነው። ሥራዬ እርድ ነው። ከቴፒ በኩል እርጥቡን እርድ እገዛለሁ፣ እቀቅላለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እወቅጣለሁ፣ በወንፊት እነፋለሁ፣ ከዚያ በትንንሽ ላስቲክ ቋጥሬ ገበያ እወጣለሁ። እርድ የሚወቅጥ ሰው መላ አካሉ ቢጫ ነው። ጥፍሬ ቢጫ፣ የነጠላዬ ጫፍ ቢጫ፣ ስናፈጥ መሐረቡ ቢጫ ነው። ጎረቤቴ ማርታ የቤንች ሰው ናት፣ እምነቷ ፕሮቴስታንት ነው፣ ምላሷ ደግሞ አያድርስ ነው።

«የናሆም እናት፣ አንቺ አንዴ ካነጠስሽ እኮ አልጫ ወጥ ይደርሳል!» ትለኛለች።

ስለዚህ ማሳል ስጀምር፣ አክታዬም ቢጫ ሲሆን፣ ማን ይደነግጣል? እኔም አልደነገጥኩም። የእርዱ ብናኝ ነው አልኩ።

ሳሉ የጀመረኝ ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ቆይቶ ሲመሽ የሚያንዘፈዝፍ ትኩሳት መጣ፤ ስነቃ ልብሴ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ወሰዱና ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ ብለው መርፌ ጀመሩልኝ። መርፌው አልቆ ሳሉ አላለቀም። ሌላ ዘንድ ስሄድ ወባ ነው አሉ፤ ለወባውም ዋጥኩ። ሦስተኛው ዘንድ ከጠዋት እስከ ቀትር ቁጭ ብዬ ተራ ጠበቅሁ። አግዳሚው ላይ የሚያለቅስ ልጅ የያዘች ሴት ነበረች። እኔ ባሳልኩ ቁጥር ልጁ ለቅሶውን ትቶ ያየኛል። እናቲቱ «ቀጥይ እንጂ እቴ፣ ከእኔ እሹሩሩ የአንቺ ሳል ይሻላል» ብላ አሳቀችኝ። አሁን ያቺን ሴትም አስባታለሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። እጄን አየና ፈገግ አለ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«እርድ እወቅጣለሁ።»

«በቃ፣ ብናኙ ነው የሚያስልሽ። ሳንባሽ ተቆጥቷል። አፍሽን ሸፍነሽ ሥሪ» አለና ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት ጻፈልኝ።

አልወቅሰውም። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር የማምነው። ከእርዱ ያጠራቀምኩትን ለእርዱ ሳል ጨረስኩት ብዬ ከጌታሁን ጋር ሳቅን።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም የማይከሳ የለም፤ የእኔም መክሳት የጾሙ ነው ተባለ። በሰዓታትና በስግደት የማይደክም የለም፤ የእኔም ድካም የስግደቱ ነው ተባለ። አክታዬን እርዱ ሸፈነው፣ ክሳቴን ጾሙ፣ ድካሜን ስግደቱ። በሽታው እኛ ቤት ሲገባ ለእያንዳንዱ ምልክቱ አንድ ደህና ስም ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አልተውኩም። እንዲያውም አበዛሁት። እዚያ ስሄድ ይሻለኛል፤ ይህን ስል ውሸት የለበትም። ቤት ውስጥ ሆኜ ስለ ልጆቼ ስጨነቅ የሚደልቀው ልቤ፣ ቅዳሴው ሲጀመር ረጋ ይላል። እማሆይ ቦታዬን ይይዙልኛል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ በቅጽሩ ውስጥ ባለች አንዲት ጎጆ የሚኖሩ መነኩሴ ነበሩ። እሳቸውም ያስላሉ፤ «የገዳም ብርድ ነው፣ ከወጣትነቴ አብሮኝ ያለ» ይላሉ። እግሬ ሲከዳኝ መቋሚያቸውን ወደ እኔ ያዘነብላሉ፣ ሁለታችን በአንዱ እንቆማለን።

ብዙነሽን ያወቅኋት በዚያው ጥግ ነው። ከማጂ አካባቢ ልጇን አዝላ፣ ያለ ዘመድ፣ ለሥራ የመጣች ናት። ቡና መጋዘን ቁጭ ብላ ጥሩውን ፍሬ ከተሰባበረው ትለያለች። እሑድ እሑድ ከእኔ አጠገብ ትሆናለች። እንዳልክ መጀመሪያ ያየኝ ዕለት ጣቶቼን ይዞ ወደ አፉ ወሰዳቸው፤ ቢጫውን ምን እንደመሰለው እንጃ።

«እቴቴ፣ ማንጎ መስለሽዋል» አለች ብዙነሽ።

ከዚያ ጀምሮ የእኔ ሆነ። በጾሙ ውስጥ መስገድ ሲያቅተኝ፣ «አንቺ ልጁን ያዢ፣ እኔ ለሁለታችንም እሰግዳለሁ» ትለኛለች። እሷ ትሰግዳለች፣ እኔ ልጁን እይዛለሁ። እንዳልክ ጆሮውን ደረቴ ላይ አድርጎ ነበር የሚተኛው። ሳሌ ያናውጠዋል፤ አይነቃም። ለመደው። ሰዎች «የሳልሽ እሹሩሩ ነው» ይሉኛል።

ከሆሣዕና በኋላ ሥራ አቆምኩ። በሕማማት ሙቀጫ አላነሳም። ውሎዬ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በሕማማት ሳምንት እኛ አንሳሳምም፣ በእጅም ሰላም አንባባልም፤ ጌታ በመሳም ነው ተላልፎ የተሰጠውና እስከ ትንሣኤ ድረስ መሳም የለም። ናሆም አምስት ዓመቱ ነው፤ ይህ ነገር አይገባውም። ጠዋት ጠዋት ጉንጩን ያመጣል። «እስከ ፋሲካ ጠብቅ» እለዋለሁ። ጉንጩን ይዞ ይመለሳል።

ሐሙስ ዕለት ማርታ በአጥሩ በኩል እያየችኝ አክታዬን ተፋሁ። ቀልድ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም።

«የናሆም እናት፣ ሙቀጫሽ ድምፁ ከጠፋ ስንት ቀን ሆነው?»

«ከሆሣዕና ወዲህ መች ነካሁት።»

«ታዲያ ይሄ ቢጫ አሁን ከየት ይመጣል?»

ዞር ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ተቆጣኋት፤ እሷን ምን አገባት ብዬ።

በማግስቱ ስቅለት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እህል ውኃ ሳይቀመስ ይሰገዳል። ሙቀቱ፣ የሰው ብዛቱ፣ የጧፉ ጭስ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሳል መጣብኝ። እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ከታች ከጎኔ ተነሣ። አፌ ውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ሞላ። ጣዕሙን አወቅሁት። ነጠላዬን አፌ ላይ ጫንኩ፣ ጫፉ ቀላ።

ያኔ ያሰብኩት ስለ በሽታዬ አልነበረም። ደም በቤተ መቅደስ እንዳይፈስ ነው ያሰብኩት፤ ያውም በስቅለት ቀን። የቀረውን ዋጥኩት። እንዳልክን ለብዙነሽ አቀበልኳትና በተንበረከከው ሕዝብ መሃል እየረገጥኩ፣ ይቅርታ እንኳ ሳልል፣ ወጣሁ። እማሆይ «ልጄ! ልጄ!» ሲሉ ሰማኋቸው። ከውጭ ከዋንዛው ሥር ተቀመጥኩ። ሜሮን ተከትላኝ መጣች። ነጠላውን አይታ አልጮኸችም። አጠፈችና ደሙን ወደ ውስጥ አድርጋ ትከሻዬ ላይ መለሰችልኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር።

በማግስቱ፣ በቀዳም ሥዑር፣ የነፍስ አባታችን እንደ ልማዱ ቄጤማ ሊያድሉ ወደ ቤታችን መጡ። ቄጤማውን ራሴ ላይ ሳያስሩልኝ ነገሩን ነገርኳቸው። ሌሊቱን ሙሉ ያስጨነቀኝን ነው መጀመሪያ የጠየቅሁት።

«አባ፣ ደሙን ዋጥኩት። ጾሙን ገደፍኩ ይሆን?»

ቄጤማውን እንደያዙ አዩኝ። አንጀታቸውን በልቼው ይሁን ሊስቁ ፈልገው አላውቅም።

«የገዛ ደምሽን በመዋጥ ጾም አይገደፍም፣ ልጄ። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ስንት ጊዜ ሆነሽ ስታስይ?»

«ቡና ከተለቀመ ወዲህ።»

«የእኔም ጆሮ ቅዳሴ ላይ ሲሰማሽ ነው የከረመው፤ ጆሮዬን የደፈንኩት እኔ ነኝ» አሉና ወደ ጌታሁን ዞሩ። «ከበዓሉ ማግስት ጤና ጣቢያ ትወስዳታለህ። አክታ ይመርመርልን በሉ። እርድ ነው ቢሏችሁ እንዳትመለሱ።»

ፋሲካ ነጋ። ሰው ሁሉ ተሳሳመ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ከጓሮ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ናሆም አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ ሮጦ መጣ።

«እማዬ፣ ፋሲካ ሆነ!»

«እንኳን አደረሰህ። አባባን ሳመው» አልኩት።

ጤና ጣቢያ ትንሽ ዕቃ ሰጥተውኝ ከውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ከጥልቅ አስዬ አክታዬን እንድተፋ አደረጉኝ። ውጤቱን ስንጠብቅ ጌታሁን ከአጠገቤ አልተቀመጠም፤ ቆሞ የጣራውን ቆርቆሮ ይቆጥር ነበር። ሲስተር ጠርታን ገባን። እንዲህ ስትል ነገረችኝ፦ በሽታሽ ቲቢ ነው፣ የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው። በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው፤ በሽተኛው ሲያስል በተዘጋ ቤት አየሩ ላይ ይቆያል። ይድናል። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ስድስት ወር ሳታቋርጪ ትውጫለሽ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከሰው ለየት ብለሽ ትቀመጫለሽ።

«ከማን ጋር ትኖሪያለሽ?»

«ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ።»

«ሌላስ? በተዘጋ ቦታ ረጅም ሰዓት አብሮሽ የሚሆን ሰው?»

«ሲስተር፣ ያለፈው ሳምንት እኮ ሕማማት ነበር» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እሷም ነጠላ ለባሽ ናት፣ ገባት። «እሺ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከጎንሽ ከነበሩት ጀምሪ።» መጀመሪያ የጠራሁት የእንዳልክን ስም ነው።

ቤታችን ተለወጠ። የጌታሁንና የሜሮን ምርመራ ነፃ ወጣ። ናሆም ትንሽ ስለሆነ እንዳይዘው የሚከላከል መድኃኒት ጀመረ። እኔ በጓሮ ክፍል መስኮቱን ከፍቼ ለብቻዬ ተኛሁ። መድኃኒቱ ሽንቴን ቀይ ስላደረገው መጀመሪያ ቀን ደም መስሎኝ ጮኼ ነበር፤ ሲስተር ባትነግረኝ ኖሮ አቋርጠው ነበር። እናንተም ስታዩት አትደንግጡ። ሌሊት ሌሊት የሚያስፈራኝ ሞት አልነበረም። ከግድግዳው ወዲያ ናሆም ሲያስል እንዳልሰማ ነበር የምፈራው። ትን ቢለው እንኳ ቁጭ እላለሁ።

ጌታሁን አንድ ቀን ምግቤን በር ላይ አስቀምጦ ሳይሄድ ቆመ።

«ከዚያው ነው ያመጣሽው። ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያን ስትዪ። ጤና ይሆነኛል ስትዪ።»

«ከዚያ አምጥቼው ይሆናል፣ ወደዚያ ወስጄውም ይሆናል» አልኩት። «አንተስ የት ነበርክ? ዋሻ ውስጥ?»

«እኔ ወንዶች በኩል ነኝ፣ በር አጠገብ፤ ነፋስ አለው!»

ከብዙ ቀን በኋላ የሳቅነው ያን ጊዜ ነው። ሳቁ ግን አልቆየም።

ሲስተር ሰው ይዛ የብዙነሽን የኪራይ ቤት ፈልጋ ስትሄድ በሩ ተቆልፎ አገኘችው። የመጋዘኑ የቡና ለቀማ ሥራ አልቆ ለቃሚዎቹ ተበትነዋል። አከራይዋ «ቴፒ በኩል ሥራ አለ ብላ ሄደች» አለች። ይህን ስሰማ ሜሮንን ጠራኋት። በመስኮቱ በኩል ነበር የምንነጋገረው።

«ብዙነሽ ወደዚህ መጥታ ነበር?»

«መጥታ ነበር» አለች። «ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ። ተኝተሽ ነበር። እማዬ ሰው አታገኝም አልኳት።»

«ምን አለች?»

«ለፋሲካ ልጁን ትስምልኝ ብዬ ነው የመጣሁት አለች። እማዬ ማንንም አትስምም አልኳት።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ማርታ ቤት የጸሎት ጓደኞቿ ተሰብስበው ይዘምሩ ነበር። ወደዚያ አየች። ከዚያ ልጁን አስተካክላ አዝላ ሄደች።» ሜሮን አለቀሰች። «ሲስተር ሕፃን እንዳታስገቡ ብላ ስለነበር ነው፣ እማዬ።»

«የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው። ሌላ ነገር አላደረግሽም» አልኳት። አሁንም ይህንኑ ነው የምላት፤ ስታነበውም እንድታምነኝ እጽፈዋለሁ።

በኋላ አስካለ የሰማችውን አመጣችልኝ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስቀር፣ የማርታ ጓደኞች ደግሞ በአጥሩ ወዲያ ሆነው እየጸለዩልኝ ሲዘምሩ፣ «እርድ ነጋዴዋ ጴንጤ ሆነች» የሚል ወሬ ገበያው ውስጥ ዞሮ ነበር። ብዙነሽ ከመሄዷ በፊት አስካለን መንገድ ላይ አግኝታ፣ «እቴቴ ወደ እነሱ ሄደች እንዴ? ለዚህ ነው ልጄን አልስምም ያለችው?» ብላ ጠይቃታለች። አስካለ ያኔ የእኔን ነገር አታውቅም፤ «እንጃ» ብላ አለፈች። እንግዲህ ብዙነሽ ከሚዛን የወጣችው ይህን በልቧ ይዛ ነው። ስለ በሽታው ግን ማንም አልነገራትም።

ማርታ ወሬውን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗ ዕንባ ሞላ። «ጌታ ምስክሬ ነው፣ እኔ አንቺ እንድትድኚ እንጂ እንድትመጪ አልጸለይኩም» አለችኝ። የተቀቀለ ጎደሬዋን በጆንያ ሸፍና በመስኮት ማቀበሏን እስከ መጨረሻው አላቆመችም።

ሳምንታቱ አልፈው ሲስተር ከሰው መቀላቀል ትችያለሽ ባለችኝ ቀን ስለ ናሆም ጠየቅኋት። «መጀመሪያም መሳም አልነበረም መንገዱ፤ ትንፋሽ ነው ብዬሽ ነበር። ሂጂ ሳሚው» አለችኝ። ቤት ደርሼ አጎነበስኩለት። ጉንጩን አላመጣም፤ ረስቶት ነበር። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣

«አሁን ነው እንዴ ፋሲካ?» አለኝ።

«አዎ፣ አሁን ነው» አልኩት።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወደ ውስጥ ለመግባት እግሬ እንቢ አለኝ። የነፍስ አባታችን ዋንዛው ሥር አገኙኝ። «ቅጽሩም ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚህ ቁሚ፣ አየር አለ» አሉኝ። ያን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እኔን አስፈቅደው፣ ሳል የቆየበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን እንዲያስመረምር፣ እስኪመረመርም ከሕንፃው ውጭ በቅጽሩ ሆኖ እንዲያስቀድስ ለሕዝቡ ተናገሩ። መስኮቶቹንም በቅዳሴ ጊዜ አስከፈቱ። ጾመ ፍልሰታ ሲገባ ሴቶቹ የሚበላ ይዘው እኔ ዘንድ ዋንዛው ሥር መጡ። «አባ ብለዋል፣ በግድ አብሏት ብለዋል» እያሉ አፍጥጠው ይጠብቁኛል። ከቀረሁ ያን ዕለት ማታ አንዷ ደጄ ላይ ናት።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጤና ይሰጣል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔን የምታውቀኝ፣ ስቀር የምታጣኝ፣ ስከሳ የምታየኝ ያቺ ጥግ ናት። ያቺው ጥግ ደግሞ ትንፋሻችንን አንድ ያደረገች ናት። ሁለቱንም አየሁ። መሄዱን አትተዉ እላለሁ፤ ሳል ካላችሁ ግን መጀመሪያ ተመርመሩ፣ ሳላችሁን ለጾም ወይም ለሥራችሁ አትስጡት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ተፈልገው ተመረመሩ፣ ነፃ ናቸው። አስካለና አማቷም ነፃ ናቸው። እማሆይ ግን ነበረባቸው። መድኃኒቱን ጀመሩ፤ ሰውነታቸው አልቆ ነበርና ክረምቱን አልወጡትም። ከማን ወደ ማን እንደሄደ ሲስተርን ጠይቄያታለሁ፤ ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም አለችኝ። እሳቸውን ራሳቸውን ሳይሞቱ ጎጇቸው ደጅ ቁጭ ብለን፣ «እማሆይ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁዎት?» አልኳቸው።

«እኔ ልስጥሽ፣ አንቺ ስጪኝ፣ መቋሚያው አንድ ነበር» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ «ያ ሕፃንስ? ደረትሽ ላይ የሚተኛው?» አሉ።

«አላገኘነውም።»

«እንግዲያው ለእኔ ማልቀሱን ተይና እሱን ፈልጊ።»

ፈልገናል። ጌታሁን፣ ያ የተቆጣኝ ሰው፣ በዝናብ በሚኒባስ ቴፒ ወርዶ በየቡና እርሻው በር ላይ ጠይቋል። «ብዙነሽ የምትባል ብዙ አለች፣ የትኛዋ?» ይሉታል። «ልጅ ያዘለችው» ሲላቸው «ልጅ ያላዘለ ማን አለ?» ይሉታል። አንዲት ሴት ወደ እናቷ ወደ ማጂ ተመልሳለች አለችው። ሌላዋ ሸዋ ቤንች ገበያ አይቻታለሁ አለች። ሁለተኛም ሄደ፣ ሦስተኛም ሄደ። ሲመለስ ገና ከበሩ ፊቴን እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

እኔ ድኛለሁ። የመጨረሻው አክታዬ ንጹሕ ነው። ኪሎዬ ተመልሷል፣ ሙቀጫዬንም አንሥቻለሁ፤ አሁን ውጭ ሆኜ፣ አፌን ሸፍኜ ነው የምወቅጠው። ጣቶቼ እንደገና ቢጫ ሆነዋል። እነሱን ባየሁ ቁጥር ማን ወደ አፉ እንደወሰዳቸው ትዝ ይለኛል።

ብዙነሽ ቀጠን ያለች፣ የጠይም ቆንጆ ናት። ስትስቅ በእጇ አፏን ትሸፍናለች። እንዳልክ አሁን በእግሩ ሳይሄድ አይቀርም። አንገቱ ላይ ያለውን ጥቁር ማተብ የፈተልኩለት እኔ ነኝ፤ ካልተበጠሰ ጫፉ ላይ የእርድ ቢጫ ይታይበታል። በቴፒም፣ በማጂም፣ በሸዋ ቤንችም፣ የትም የምታውቋት ካላችሁ መጀመሪያ እሷንም ልጁንም ወደሚቀርባችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱልኝ። እቴቴ ሃይማኖቷን አልለወጠችም፣ አልጠላችሽም፣ ታማ ነበር በሏት። ከዚያ ይህን ጽሑፍ ለሰጣችሁ ሰው ንገሩት፣ እኔ ዘንድ ይደርሳል።

ልጁ ያስላል ወይስ አያስልም? እባካችሁ እሱን ንገሩኝ።